የጸጉሯ ጥቁር

ወረቀቱ ከፎቶ ማተሚያው ማሽን አፍ ገና እኩሌታው እንደወጣ ድርቅዬ ጎንበስ ብላ ታየው ጀመር። አልነካችውም። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ወተት እንዳይገነፍልባት እንደምትጠብቅ ሴት ዓይኗን ሳትነቅል ቆመች። መጀመሪያ የጸጉር ክፋይ ወጣ፤ ቀጥሎ ግንባር፣ ዓይን፣ ሊስቅ ሲል የተያዘ አፍ። ከዚያ ትከሻውና ደረቱ፣ ጥቁር በጥቁር ላይ እየተከታተለ መጣ።

"ኧረ ጉድ!" አለ ታናሽ ወንድሟ ከኮምፒውተሩ ጀርባ አንገቱን አስግጎ። "ጥቁሩ ጉድጓድ እኮ ነው እታለም! እጄን ብሰደው እስከ ክርኔ የሚገባ ይመስለኛል።"

"ዝም በልና ይድረቅ።"

"የጥቁሩን ቁጥር በመለኪያው ልለካው?"

"ቁጥሩን ለራስህ ለካው። እኔ ዓይን አለኝ።"

ወረቀቱን በሁለት ጫፉ ይዛ ወደ በሩ ሄደች። እሷ ቤት ፎቶ የሚታየው በቀን ብርሃን ነው። መብራት ውሸታም ነው ብላ ስለምታምን ስንቱን ደንበኛ እየተነጫነጨ ደጅ አውጥታ አሳይታለች። ከበሩ ፊት ለፊት የሚስማርና የቀለም መሸጫው ባለቤት ጣሳ ይደረድራል። ቀና ብሎ አያትና "ዛሬም ከወረቀት ጋር ትነጋገሪያለሽ?" አላት። ወረቀቱን ወደ ሰማዩ ዘንበል አደረገችው። እውነትም ጥቁሩ ጥቁር ነበር። ጠርዙ ላይ የሰማዩ ብርሃን እንደ ውሃ ይንሸራተታል።

ፎቶው ላይ ያለችው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ወንበር ላይ ጎኗን ሰጥታ ተቀምጣለች። የለቀቀችው ጸጉር በሁለቱም ትከሻዋ ወርዶ ወርዶ ደረቷን አልፎ ወገቧ ጋ ይደርሳል። የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ ነው። ከተነሳች አርባ አንድ ዓመቷ። ያነሳት ሰው ደግሞ በኋላ ባሏ ሆነ። ድርቅዬ ዛሬ ለምትበላው እንጀራዋ ሁሉ ምክንያቱ እኚሁ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ትላቸዋለች።

ድርቅዬ የሚለውን ስምም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ያኔ የእሳቸው ፎቶ ቤት በነበረው፣ ወለል ልትወለውል ተቀጠረች። ትምህርቷ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ እናቷ ስትታመም ደብተሯን ዘግታ ቤት ቀረች። አንድ ቀን ባልዲዋን እየጎተተች ስታልፍ፣ ታጥበው ከተሰቀሉት ፎቶዎች ፊት ቆመችና "ይሄኛው አመድ ነው" አለች። የትልቅ ሰው ፎቶ ነበር፤ ጋሼ ሦስት ቀን የለፉበት። ተቆጧት። እሷ ግን ፍንክች አላለችም፤ "አመድ ነው፤ ጥቁር የሚባል ነገር የለበትም" ብላ ከነመወልወያዋ ድርቅ አለች። ጋሼ ወደ ፎቶው ዞሩ፣ ቆዩ፣ ነቅለው ቀደዱት። "አንቺ ድርቅ፣ ባልዲውን አስቀምጪና ወደ ጨለማ ክፍሉ ግቢ" አሏት። አስራ ዘጠኝ ዓመት አብራቸው ሠራች። እሳቸው ዕድሜም ዓይንም ሲደክምባቸው ክፍሉን ለእሷ ለቀቁላት።

የጋሼ ቀኝ ዓይን ከጠፋ ሦስት ዓመቱ። የቀረው ግራው ነው፤ እሱም ጉም ለብሷል። ነገ ጠዋት በቀዶ ሕክምና ይከፈታል። ሐኪሙ አልዋሸም፤ "ሊበራም ይችላል፣ ሊጠፋም ይችላል፤ ካልነካነው ግን እስከ ዓመቱ ይጠፋል" ብሎ ነገራቸው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ሆስፒታል ገብተው ያድራሉ። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውለው፣ እንደ ቀልድ አድርገው፣ "ያቺን ልጅ አትሚልኝ እስቲ። ከመግባቴ በፊት አንዴ በደንብ ልያት" ብለዋት ነበር። ደግሞም አስጠንቅቀዋታል። "በግሎሲ ይሁን፤ በሚያብረቀርቀው። ጥቁር የሚኖረው እሱ ላይ ነው።"

እሳቸው ያሉትን አደረገች። ማሽኗ ሁለት ጥቁር ቀለም አላት። አንዱ ለግሎሲ የተሠራ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ያበራል። ሌላው ማት ለሚባለው፣ ለማያብረቀርቀው ወረቀት ነው፤ እሱ አይቀመጥም፣ ወደ ወረቀቱ ይጠልቃል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የባዕድ ቋንቋ ማንበብ ስለማትችል ስም አውጥታላቸዋለች፤ ተቀማጩና ጠላቂው። ወንድሟ መጀመሪያ ሲሰማ ሳቀ፤ አሁን እሱም እንደዚያው ነው የሚጠራቸው። የአንዱን ቀለም በሌላው ወረቀት ላይ ያተመ ሰው ወይ አመድ ያገኛል፣ ወይ እጅ የሚያጠቁር ጥላሸት። ይሄን ማንም አላስተማራትም። በአውራ ጣቷ እያሸች፣ አበላሽታ እየቀደደች ነው ያወቀችው።

ሰባት ሰዓት ላይ ባልና ሚስቱ መጡ። እትዬ፣ የፎቶዋ ልጅ፣ የባላቸውን ክንድ ይዘዋል፤ ላያቸው ሰው ራሳቸው የተደገፉ እንዲመስል አድርገው ነው የሚይዙት።

"ደረጃ አለ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያሠራሁት።"

"ስታሠራው ሁለት ነበር። አሁንም ሁለት ነው። ሦስተኛ ፈልገህ እንዳትረግጥ ብዬ ነው።"

ጋሼ ሳቁ። ድርቅዬ ወንበር አቀረበችላቸው፤ መስኮቱ ፊት፣ ብርሃን በደንብ በሚገባበት። ፎቶውን እጃቸው ላይ አኖረችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስንት ባለሙያ ፎቶግራፈር ፊቷ ቆሞ ይለማመጣል፤ እሳቸው ፊት ግን ዛሬም ባልዲ እንደያዘች ልጅ ትቆማለች።

ጋሼ ወረቀቱን ወደ ግራ ጋደል አደረጉት። ወደ ቀኝ ጋደል አደረጉት። ራቅ አድርገው አዩት፣ መልሰው አቀረቡት።

"ቆንጆ ነው" አሉ።

ወንድሟ ፊቱ ፈካ። ድርቅዬ ግን አላመነችም። ካወቀቻቸው በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ከእኚህ ሰው አፍ "ቆንጆ" ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። የእሳቸው የመጨረሻ ምስጋና "ይሄዳል" ነበር። እሱንም የሚሉት ሦስት ጉድለት ካወጡ በኋላ ነው። ጠጋ ብላ በትከሻቸው በኩል ፎቶውን አየችው። የልጅቷ ፊት ላይ መስኮቱ ከነብረቱ፣ ከነደመናው ተዘርግቷል።

"ምኑ ነው ቆንጆ ጋሼ?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም ማለት ምንም ማለት ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

"አትጫኚው ልጄ" አሉ እትዬ። "ደስ ብሎታል፤ በቃ።"

"አላዩትም እኮ እትዬ።"

ጋሼ ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"የማየው መስኮቱን ነው" አሉ በመጨረሻ። "መጥፎ መስኮት አይደለም። መስታወቱ ግን መወልወል ይፈልጋል።"

ወንድሟ ሮጦ መጋረጃውን ጋረደ፤ ጨለመባቸው። መብራት አበራ፤ አምፖሉ ራሱ ወረቀቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞሩት፣ ወደ በሩ አዞሩት። የትም ቢዞሩ ብርሃኑ እየተከተለ መጥቶ የሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ቁጭ ይላል። ደህና ዓይን በነጸብራቁ መሃል ሾልኮ ያያል። የጋሼ ዓይን ግን ያቺን ትንሽ ነጸብራቅ ሲያገኝ ጉሙን ሁሉ ያበራዋል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ብቻ ነው።

"በማት እናትመዋለን" አለች ድርቅዬ።

"ማት?" ጋሼ ስድብ የሰሙ መሰሉ። "ማት ላይ ጥቁር ይሞታል! የግድግዳ ኖራ ላይ ከሰል እንደማሸት ነው።"

"የድሮው ነው እንደዚያ። ያሁኑ ሌላ ነው።"

"እኔ አርባ ዓመት ግሎሲ ላይ…"

"እርስዎ አርባ ዓመት በሁለት ዓይን ነው ያዩት።"

ከአፏ ከወጣ በኋላ ምላሷን ነከሰች። ጋሼ ግን ፈገግ አሉ።

"አሁንም ድርቅ ነሽ።"

"እርስዎ ያወጡልኝን ነው የያዝኩት።"

ወንድሟ እጇን ይዞ ወደ ማሽኑ ጎን ወሰዳት። የሁለት ልጆች አባት ነውና የደንበኛ ትዕዛዝ መዘግየት ጨጓራውን ያቃጥለዋል። "እታለም፣ ነገ ጠዋት ሰማንያ የሰርግ ፎቶ አለብን፤ ሁሉም በግሎሲ። ማሽኑ ላይ ያለው ተቀማጩ ነው። ወደ ጠላቂው ብንቀይረው ቱቦውን ሊያጥብ ቀለሙን ይተፋዋል። ለማታ ስንመልሰው ደግሞ ሌላ ይተፋል። እስቲ ባለው እንሞክረው፤ በዚያ ዓይናቸው ልዩነቱን አያውቁትም።"

ሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ቃል ብቻ ከቤቱ ታስወጣው ነበር። ሰዓቱን አየች። ሰባት ተኩል አልፏል።

"በል ሞክር" አለችው።

ማቱን፣ ከጥጥ የተሠራውን ወፍራም ወረቀት አስገባ። ወጣ። ድርቅዬ እንዳየችው ጥርሷን ነከሰች፤ ግን ሰጠቻቸው። ጋሼ ተቀበሉና መስኮቱ ፊት ያዙት። ምንም አላበራም። ወረቀቱ እንደ ወረቀት ዝም አለ።

"እህ" አሉ። አንገታቸው ወደ ፊት ሄደ። "መስኮቱ ሄደ። ፊቷ… ፊቷ መጣልኝ።"

እትዬ ወደ ሌላ ቦታ አዩ።

"ግን አመድ ነው" ቀጠሉ ጋሼ። "ጸጉሯ ሸብቷል። ገና በሃያ ሁለት ዓመቷ አሸበታችኋት።"

ወንድሟ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ልዩነቱን አያውቁትም ያለው ራሱ ነበር።

"ቀይረው" አለችው ድርቅዬ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ይምጋል፣ ይተፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይምጋል። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ጋሼ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጆሯቸውን ወደ ድምፁ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ማሽን አይወዱም፤ ግን ሥራ ሲሠራ ያውቃሉ። "ሆዱን እያጠበ ነው?" አሉ። "አዎ ጋሼ።" "ጥሩ ነው። እኛም ሳህኖቹን ሳናጥብ ኬሚካል አንቀይርም ነበር።"

ሁለተኛው ማት ሲወጣ ወንድሟ ራሱ አፉን ያዘ። ጥቁሩ አያበራም፣ አይንሸራተትም፤ እንደ ከፈይ ጨርቅ ወደ ውስጥ ይስባል። ድርቅዬ በበሩ ብርሃን አይታ አመጣችው።

ጋሼ ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ፊታቸው መጀመሪያ ላላ፣ ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ ተጨማተረ።

"ጥቁር ነው" አሉ። "አፈርኩ። ማት እንዲህ ይጠቁራል ብዬ አላምንም ነበር።"

"ታዲያ ምን ጎደለ?"

"አንቺ ምንም አላጎደልሽም። እኔ ነኝ ያኔ ያጎደልኩት።" ፎቶውን ወደ ጉልበታቸው መለሱት። "ልቤን የወሰደው ጸጉሯ ነው። እዚህ ክፍል ስትገባ ሻሿን ፈታ ጸጉሯን ለቀቀችው፣ ካሜራውን ረሳሁት። ግን ጥቁር ጸጉር ጥቁር ቀሚስ ላይ ተለቀቀ። ጸጉሩ የት አልቆ ቀሚሱ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ሳሳሳው ሁለቱም አመድ፣ ሳጠቁረው ሁለቱም ጉድጓድ። ፊት ብቻ ነው የቀረኝ። ፊቷን እቤትም አየዋለሁ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "በቃ፣ ይሄዳል።"

"ይሄዳል" የሚለው ቃል እንደዚያን ቀን ከብዷት አያውቅም።

"የምን ጥቁር ቀሚስ?" አሉ እትዬ።

ሁሉም ዞሩ። እትዬ ከቦርሳቸው ማበጠሪያ እየፈለጉ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም።

"ይሄ ጥቁር ቀሚስሽ ነዋ" አሉ ጋሼ።

"ጥቁር ቀሚስ ኖሮኝ አያውቅም። ያ የታላቅ እህቴ ነው፤ ቀይ ሳቲን። ለፎቶው ተበድሬው ነበር፤ ማታውኑ አጥቤ መለስኩላት።"

"ቀይ አልነበረም።"

"ለብሼው የነበርኩት እኔ ነኝ አንተ ሰውዬ!"

"እኔም አንስቼዋለሁ! ጥቁር ነበር።"

"አንተ ያየኸው መቼ ቀሚስ ሆነና? አንዴ ጸጉር አንዴ አንገት ስታይ እኮ ካሜራውን ከነክዳኑ ልታነሳኝ ነበር። ክፍሉም ጨለማ ነበር።"

ወንድሟ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ታዲያ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ቀሚስ ስል ለምን ዝም አልሽ?"

"ፎቶው ላይ ጥቁር ነዋ! ስለ ፎቶው የምትናገር መስሎኝ። ደግሞ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? 'ቀሚስሽ ምን ዓይነት ቀለም ነበር' ብለህ?"

ጋሼ ቀስ ብለው መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ።

"ፊልሙ" አሉ። "ያ ርካሹ ፊልም! አንቺ ድርቅ፣ መጀመሪያ ቀን ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ምን ጠየቅሽኝ?"

"ለምን በቀይ መብራት እንደምንሠራ" አለች ድርቅዬ።

"ምን አልኩሽ?"

"ወረቀቱ ቀይ አያይም አሉኝ። ለእሱ ቀይ ማለት ጨለማ ነው አሉኝ።"

"ያኔ የነበረኝ ፊልምም እንደዚያው ነበር። ቀይ አያይም። ቀይ የለበሰ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ይወጣል። ስንቱን ደንበኛ 'ቀይ ለብሰው አይምጡ' ብዬ መልሻለሁ፤ ስንት ሰው አስተምሬያለሁ። የገዛ ሚስቴ ፎቶ ላይ…" አቋረጡ። ሳቅ መጣባቸው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ከሁለቱም ዓይናቸው፣ ከጠፋውም ከቀረውም፣ እንባ ወረደ። እትዬ በመሀረብ ጠረጉላቸው። "ተው፣ ለነገ ዓይንህን አታስቆጣው" አሉ፤ ግን ራሳቸውም እየሳቁ ነበር።

ድርቅዬ አልሳቀችም። ቀልቧ ሌላ ጋ ነበር። ከመደርደሪያው የሰርግ አልበም ሽፋኖች አወረደችና ቀይ ቀዩን ሦስት ለይታ እትዬ ፊት ዘረጋች።

"የቱ ነው?"

"ይሄ አይደለም፣ ይሄ የከንፈር ቀለም ነው። ይሄም ደምቋል።" እትዬ ሦስተኛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። "ይሄ። የእህቴ ልክ ይሄ ነበር። ጋብ ሊል ሲል ያለ ፍም።"

ድርቅዬ ሽፋኑን መስኮቱ ሥር አኖረችው። ከጎኑ የእትዬን ጥቁር ጃንጥላ አጋደመች። "በስልክህ አንሳው" አለችው ወንድሟን። "አሁን ቀለሙን አጥፋ፣ ጥቁርና ነጭ አድርገው።" አጠፋው። ጃንጥላው ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ቀዩ ግን ግራጫ ሆነ፤ ዝናብ እንዳረጠበው ድንጋይ ያለ ግራጫ።

"ቀሚሱ መሆን የነበረበት ይሄ ነው" አለች። "ዓይን ያየው ይሄን ነው። ፊልሙ ነው የሰረቀው። ቀሚሱን ብቻ ለይተህ አውጣልኝ። ጸጉሯን እንዳትነካ። አንዲት ዘለላ ብትነካ እጅህን ነው የምቆርጠው።"

ሥራው ቀላል አልነበረም። ወንድሟ ከኔጌቲቩ ስካን ያደረገውን ምስል አስፍቶ፣ የጸጉሩን ጠርዝ ዘለላ በዘለላ እየተከተለ ቀሚሱን ለየ። እሷ ከትከሻው በላይ ቆማ በአጭር በአጭሩ ታዘዋለች፤ "ክፈተው። ጨምር። በዛ፣ መልሰው። እዚያ ጋ። ተወው።" ወንድሟ ኮምፒውተሩን ያውቃል፤ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የምታውቀው ግን እሷ ናት፤ ይሄን እሱም አይክድም። ቀሚሱ ሲከፈትና ጥቁሩ ሲሳሳ ሳቲኑ ላይ ተኝቶ የነበረው እጥፋት ብቅ አለ። ወገቡ ላይ የተሰበሰበው ጨርቅ፣ እጅጌው ላይ የተሰፋው ቁልፍ፣ አርባ አንድ ዓመት ማንም ያላየው ነገር ሁሉ እዚያው ነበር።

እትዬ ሳያስቡት ተነስተው መጥተዋል። "ያውላችሁ ቁልፉ! አንደኛው ተበጥሶ በሌላ ቁልፍ ተክቼዋለሁ። እህቴ አላወቀችም እስካሁን።"

"እስካሁን?" አሉ ጋሼ ከወንበራቸው።

"አንተ ዝም በል። አንተም አላወቅህም ነበር።"

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆነ። ድርቅዬ ወረቀቱን ራሷ አስገባችው፤ በመዳፏ ጀርባ አቧራውን ጠርጋ፣ ጠርዙን አስተካክላ። ማሽኑ ቀስ እያለ ሄደ። በዚህ ጊዜ አላጎነበሰችም። ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች፤ ድምፁ ሲያቆም ነው የዞረችው።

ፎቶው ላይ ሙሉ ጥቁር የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀሚሱ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ግድግዳው ጠፍቷል። ጸጉሩ ብቻ፣ ያለ አንዳች ነጸብራቅ፣ ወረቀቱ ውስጥ ጠልቆ ከትከሻ እስከ ወገብ ይወርዳል። ስንት ሺህ ፎቶ ያተመች ሴት ናት፤ ጥቁር ቀለም እንዲህ ቦታውን ሲያገኝ አላየችም።

ወስዳ ሰጠቻቸው።

ጋሼ ግራ ዓይናቸውን አጠበቡ። ወረቀቱን አላጋደሉትም፣ አላራቁትም። አንድ ጣታቸውን አንስተው፣ ወረቀቱን ሳይነኩ፣ ከልጅቷ የጸጉር ክፋይ ጀመሩ። በጆሮዋ በኩል ወረዱ። ትከሻዋን አለፉ። ደረቷ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፤ ከዚያ ጸጉሩ እንደሚጠማዘዘው ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ወገቧ ላይ አለቀ።

"እዚህ ጋ ተጠቅልሏል" አሉ በሹክሹክታ። "ጫፉ ላይ።"

"ከሻሹ ነው" አሉ እትዬ። "ሻሽ ሲፈታ እንደዚያ ነበር የሚያደርገኝ።"

ጋሼ ለረጅም ጊዜ አዩ። ወንድሟ የማሽኑን ክዳን እንኳ መዝጋት ፈራ።

"የግራ ትከሻው ላይ ነጥቶብሻል" አሉ ጋሼ።

"ምን?"

"የግራ ትከሻው። ቀሚሱን ከፍተሽዋል፣ ጥሩ ነው፤ እዚያ ጋ ግን አብዝተሽዋል። ብርሃኑ ከቀኝ ነበር የሚመጣው፤ ያ ትከሻ መጨለም ነበረበት። ደግሞ የቁልፉ ዙሪያ ትንሽ ደንግጧል፤ ጠርዙ በጣም ጎልቷል።"

"አንተ ሰውዬ!" እትዬ ተቆጡ። "ልጅቷ ምሳዋን ሳትበላ ቀኑን ሙሉ ስትለፋልህ ውላ፣ አመስግነህ አትነሳም?"

"ተዉአቸው እትዬ፣ ተዉአቸው" አለች ድርቅዬ። ድምፅዋ ተሰብሮባት ወደ ጎን ዞረች። ፎቶውን ተቀብላ በሩ ጋ ሄደች፤ አየችው። እውነታቸውን ነው። ነጥቷል። አንድ ጥፍር የምታህል፤ ደህና ሁለት ዓይን ካላቸው መቶ ሰዎች አንዱም የማያያት። ተመለሰች። "ነጥቷል ጋሼ" አለች። "ልክ ነዎት።"

"አውቃለሁ ልክ እንደሆንኩ።"

ታክሲው መጣ። ፎቶውን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ ለእትዬ ሰጠቻቸው፤ ፊቱን በእጅ እንዳይነኩት፣ በጨርቅም እንዳይወለውሉት ነገረቻቸው። ጠላቂው ጥቁር ማሸት አይወድም። እትዬ "እኔ እቃ የምወለውል ይመስልሻል?" ብለው ተቆጡ፤ ጋሼ "አዎ" አሉ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ጋሼ ቆሙ፤ ወደ ክፍሉ ዞሩ። እጃቸውን ከፍ አድርገው ወረዱ።

ታክሲው ከታጠፈ በኋላ ወንድሟ እጅጌውን ሰበሰበ። "በይ እታለም፣ ጠላቂውን አውጥቼ ተቀማጩን ልመልሰው። አሁን ከጀመርን ሰማንያውን እስከ ማታ እንጨርሳለን።"

ድርቅዬ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

"ሆስፒታል ጠያቂ የሚያስገቡት እስከ ስንት ሰዓት ነው?"

"እኔ እንጃ። እስከ አስራ ሁለት ይመስለኛል። ለምን?"

ስልኳን አንስታ ለሰርግ ፎቶግራፈሩ ደወለች። ወንድሟ ገና ሳትናገር ገባው፤ እጁን እያወዛወዘ "ኧረ ተይ! ኧረ እታለም!" አለ። እሷ ጀርባዋን ሰጠችው።

"ወንድሜ፣ ፎቶዎችህ ነገ አይደርሱም። ከነገ ወዲያ ነው። … አይ፣ ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሥራ ላይ ነው።" ከወዲያ በኩል ያለው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። ድርቅዬ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ እስኪጨርስ ጠበቀችው። "ምን ይሆናሉ? ተጋብተዋል አይደል እንዴ? አንድ ቀን ቢጠብቁ አይፋቱም" አለችውና ዘጋችው።

ከዚያ ወንበሩን ስባ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጠች።

"በል ቁጭ በል" አለችው ወንድሟን። "ከግራ ትከሻው ጀምር።"